ሦስተኛው ማይክ

ደሳለች አዲስ ማይክ ይገዛ እያለች የቤተ ክርስቲያናቸውን ሽማግሌዎች ሁለት ዓመት ሙሉ ስትነዘንዝ፣ አንድም ቀን አግዟት የማያውቅ ሰው ቢኖር የገዛ ባሏ ዓለሜ ነበር። የድምፅ ክፍሉ ኃላፊ እሱ፣ የዕቃውን ጉድለት ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ፣ ስብሰባ ላይ ግን አቀርቅሮ ጥፍሩን የሚልጠውም እሱ። እሷ ይሄንን ለዝምተኛነቱ ሰጠችው። ደግሞስ ባሏን በዝምታው የምትጠረጥር ሴት እንዴት ብላ አብራ ማዕድ ትቀርባለች? አልጠረጠረችም። ነዘነዘች ብቻ፤ ሽማግሌዎቹም እያጉረመረሙ በመጨረሻ ተረቱላት።

ቤተ ክርስቲያናቸው ከዊንጌት ትንሽ ወደ ላይ ወጣ ሲሉ የሚገኝ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ስብከቱን የሚውጥ፣ ፀሐይ ሲበረታ ሰውን የሚቀቅል። ደሳለች እዚያ መድረክ ላይ በመዘመር ነው ፀጉሯ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት። በአዘቦቱ ቀን ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ትሸጣለች፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ከመድረኩ መሃል፣ ከድራሙ ፊት፣ ሦስተኛው ማይክ ጋ ትቆማለች። ዓለሜ ከአዳራሹ ኋላ ሚክሰሩ ጋ ይቀመጥና የማን ድምፅ ከፍ፣ የማን ዝቅ እንደሚል ይወስናል። ምእመኑ "እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው መሃል አስገቡን" እያለ ይቀልድባቸው ነበር። ቀልዱ ደስ ይላት ነበር።

ታዲያ ከጥቂት ዓመታት በፊት እንቅርቷን በኦፕሬሽን አስወጣች። ሐኪሙ አስቀድሞ ድምፅሽ ሊነካ ይችላል ብሏታል። እውነትም ወራት ሙሉ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው፤ ገበያ ላይ እንኳ ከደንበኛ ጋር የሚከራከርላት ሰው አጥታ ልብሱን በቅናሽ እየሸጠች ትገባ ነበር። ከዚያ ቀስ በቀስ ድምፅዋ መለስ አለና ወደ መድረክ ተመለሰች። ቤት ውስጥ ስታንጎራጉር ሻከር ይላታል። መድረክ ላይ ወጥታ፣ እግሯ ሥር ካለችው ትንሽ ስፒከር፣ ሞኒተር ከሚሏት፣ የራሷን ድምፅ ስትሰማ ግን ያው የድሮው ነው፤ እንዲያውም ማር ጠብ ያለበት ይመስላታል። ይሄን ልዩነት ለመንፈስ ቅዱስ ሰጠችው። ምስክርነትም ሰጠችበት፤ ሰዉ እልል አለላት።

አንዳንዴ ግን ልቧን የሚኮረኩራት ነገር ነበር። ከአምልኮ በኋላ ዓለሜን፣ "ዛሬ ድምፄ አዳራሹ ውስጥ በደንብ ይሰማ ነበር?" ትለዋለች።

"ድራሙ ነው እኮ የሚያስቸግረው" ይላል ኬብል እየጠቀለለ። "የቶለሳ ድራም ማይክሽ ውስጥ ይገባል። አንቺን ከፍ ሳደርግ እሱም ከፍ ይላል። እና... በቃ፣ አቻችዬ ነው የምይዘው።"

በዚህ የተነሳ ጥርስ የተነከሰበት ምስኪኑ ድራመር ቶለሳ ሆነ። "ቀስ በል፣ በር ነው የምትሰብረው?" ትለዋለች። ዱላው ጫፍ ላይ ጨርቅ አስጠቀለለችው። ድራሙን ወደ ጥግ አስገፋችው። ቶለሳ አንድም ቀን መልስ ሰጥቷት አያውቅም፤ እሷም ጥፋቱን አምኖ ነው ብላ ይበልጥ ጠናችበት። ማይክ ማይክ ማለቷም ከዚሁ የመጣ ነው፦ ለድራሙ የራሱ ማይክ፣ ለዘማሪ ደግሞ ድራሙን የማይሰማ ማይክ ከተገኘ ድምፅዋ ነጻ ይወጣል ብላ።

በዚህ ዓመት ደግሞ ነገሩ ባሰባት። ቤተ ክርስቲያኒቱ የተመሠረተችበትን በዓል ልታከብር ነው፤ ካሜራ መጥቶ ሙሉ አምልኮው በቀጥታ ይቀረጻል። ከመዝሙሮቹ አንዱ የእሷ ነው። ሆስፒታል ተኝታ፣ አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ አንድ ቃል መናገር ሳትችል በልቧ የሠራችው መዝሙር። "እኔ ነገ ከነገ ወዲያ አልፋለሁ" ትላለች፤ "ይቺ መዝሙር ግን በራሴ ድምፅ ትቅርልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።" እውነቷን ነበር፤ ሌላ ምንም አትፈልግም ነበር።

ከበዓሉ በፊት ባለው ቅዳሜ ከሰዓት፣ የዕቃ መሸጫ ያለው ኪብሮን የሚባል ወጣት ማይኮቹን በሻንጣ ይዞ መጣ። ሞክሩት፣ ከተስማማችሁ ይቀራል ነው ስምምነቱ። ሽማግሌው ጋሽ የሺጥላ ለምስክርነት የፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ኪብሮን የድራሙን ማይኮች አንድ በአንድ አወጣ፤ ለትልቁ ከበሮ ሆዱ ውስጥ የሚቀመጥ ወፍራም፣ ለትንሹ ጠርዙን ቆንጥጦ የሚይዝ፣ ለሲምባሎቹ ከላይ የሚንጠለጠሉ ቀጫጭኖች። ቶለሳ አዲስ ጫማ እንደተገዛለት ልጅ ሆነ። እስከዚያ ቀን ካርቶን ሲመታ ይመስል የነበረው ትልቁ ከበሮ አሁን ደረት ላይ ዱብ አለ። ጋሽ የሺጥላ ደንግጠው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አጥብቀው ያዙ። "ሰው ያጠፋል እንዴ ይሄ!" አሉ። ተሳቀ፤ ደሳለችም ሳቀች።

"አሁን የዘማሪዎቹን እንይ" አለ ኪብሮን።

ዓለሜ በዚያ ሰዓት ድራሙ ሥር ተንበርክኮ አንዱን ማይክ በካቻቢቴ እያጠበቀ ነበር። "ቆይ፣ እኔ ልምጣ!" አለ።

"ግዴለም፣ አንተ ጨርስ፤ እኔ ሚክሰሩ ጋ ነኝ" አለ ኪብሮን። ዓለሜ ካቻቢቴውን ጣለው። አነሳው። መልሶ ጣለው።

መዘምራኑ ደግሞ አንድ ወግ አላቸው፤ ወጉን ያወጣችው ራሷ ደሳለች ናት፣ የኳየሩ መሪ ሳለች። ከትልቅ ፕሮግራም በፊት ማንም የራሱን ማይክ በራሱ ድምፅ አይሞክርም። ሌላ ሰው በቦታው ቆሞ ይዘምራል፣ ባለ ቦታው አዳራሽ ወርዶ ያዳምጣል። ሰው መድረክ ላይ ሆኖ ስለ ራሱ የሚሰማው አይታመንም ትል ነበር። ከኦፕሬሽኑ ወዲህ ግን እሷ ራሷ ወርዳ አታውቅም። ዓለሜ ሁልጊዜ "አንቺ አትድከሚ፣ እኔ አዳምጥልሻለሁ" ይላታል። ያን ቀን ከድራሙ ሥር ሆኖ ይህን ለማለት አፉን ሲከፍት፣ እሷ ከመድረኩ ወርዳ ከአዳራሹ መሃል ደርሳ ነበር።

"ሚልካ፣ ቦታዬ ላይ ቁሚ" አለች። ሚልካ ከኳየሩ ታናሽ ናት፤ ከደሳለች ጎን ነው የምትዘምረው፣ ድምፅዋም ከሁሉ የጠራ ነው። ደሳለች ናት ከልጆች መዝሙር አንስታ ያሳደገቻት። "በይ፣ የኔኑ መዝሙር ጀምሪልኝ።"

ሚልካ ዓለሜን አየችው። ከዚያ ቶለሳን አየች። ከዚያ ጀመረች።

አፏ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ከሩቁ፣ ከእግሯ ሥር ካለችው ሞኒተር የሚያመልጥ ትንሽ ድምፅም ይሰማል። ከግድግዳዎቹ ትልልቅ ስፒከሮች ግን ምንም የለም። ደሳለች ጆሮዋን አዘነበለች። ወደ ግራ ሄደች፣ ወደ ቀኝ ሄደች።

"አይሰማም! ማይኩ አይሠራም!" አለች።

ኪብሮን ማይኩን ቀየረላት። ያው ነው። ኬብሉን ቀየረ። ያው ነው። "ይሄ ማይክ ትናንት በእጄ ነው የሞከርኩት" እያለ ወደ ሚክሰሩ ስክሪን ጎንበስ አለና ሳቅ አለ። "አሃ! ማይኮቹን በከንቱ አማናቸው። ሦስት ቁጥር ወደ አዳራሹ ተዘግቷል እኮ። ወደ ሞኒተሩ ብቻ ነው የሚሄደው።" አንዱን ነገር ነካ አደረገ፤ የሚልካ ድምፅ አዳራሹን ሞላው።

"ተረስቶ ነው" አለ ዓለሜ ከመድረኩ።

ልጁ እንግዳ ነው፣ ምን ያውቃል? ለሙያው ታማኝ ሆኖ መለሰ። "አይ፣ አልተረሳም። 'እሁድ' ተብሎ ለየሳምንቱ በተቀመጠው የሚክሰሩ ቅንብር ላይም እንደተዘጋ ነው። ሞኒተሩ ላይ ደግሞ ጥሩ ኤኮ ተጨምሮበታል፣ ለዘማሪው ድምፁን እንዲያሳምርለት። እዚህ ጋ ማን ነው የሚቆመው?"

ሚልካ ማይኩን እንደያዘች እንባዋ መጣ። ቶለሳ ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ጨርቅ የተጠቀለለበትን ጫፍ ያያል። ጋሽ የሺጥላ በዚያ ሰዓት መጽሐፍ ቅዱስ ከፍተው ማንበብ አማራቸው። ደሳለች እያንዳንዳቸውን በየተራ አየቻቸው፤ አንዳቸውም አልተገረሙም። ያኔ ነው ክው ያለችው። የዓለሜ ነገር ለብቻው ቢሆን ትችለው ይሆናል፤ ሁሉም ያውቁ ኖሯል።

ወደ ቀጨኔ ቤታቸው ሲወርዱ ሁለቱም በእግራቸው ነበሩ። ቁልቁለቱን እስኪያጋምሱ ደሳለች ሁለት እርምጃ ቀድማው ሄደች። ቢናገር እንደሚሻል ያወቀው ዓለሜ ነው የጀመረው።

"አንድ እሁድ ነው፣ እንደተመለስሽ ሰሞን። ድምፅሽ ተሰበረ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ጋሽ የሺጥላ ዞረው አዩኝ፣ ምንም አላሉም፣ አዩኝ ብቻ። ለዚያች ቀን ብዬ ነው የዘጋሁት ደሱ። ስትወርጂ ግን ፊትሽ በርቶ፣ 'ድምፄ ተመለሰ' አልሽኝ። እና... እንዴት ብዬ ልንገርሽ?"

"እንደ ሰው! እንደ ሰው ነዋ የምትነግረኝ!" ጮኸች፤ ጩኸቷ ራሱ መሃል ላይ ተሰነጠቀ። "ቆሜ መሰከርኩ እኮ ዓለሜ! ያ ሁሉ ሰው እየሰማኝ ጌታ ድምፄን መለሰልኝ ብዬ መሰከርኩ! እልል ያሉልኝ አዝነውልኝ ነው? ቶለሳን ስንት ጊዜ አስለቀስኩት? እሱስ እንኳ አንድ ቀን አይነግረኝም?"

"እንዳይነግርሽ የለመንኩት እኔ ነኝ።"

ሆድ ባሳት። ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፤ መንገደኛ ሲያልፍ ነጠላዋን አስተካከለች። ከመዋረዱ ይልቅ ያንገበገባት፣ በየእሁዱ ዓይኗን ጨፍና ለአምላኳ ያቀረበችው ነገር ከእግሯ ሥር አለማለፉ ነበር። የሚገርመው ግን ካሰበች በኋላ የተናገረችው ነው።

"በበዓሉ ቀን ትከፍተዋለህ።"

"ደሱዬ፣ ካሜራ አለ..."

"ትከፍተዋለህ አልኩህ። አዲሱ ማይክ አለ፣ ድራሙ አይገባም፣ ምክንያት የለህም። ኤኮህንም አንሳልኝ። ቃል ግባልኝ፣ ምንም ቢሆን አትዘጋውም።"

"ምንም ቢሆን አልዘጋውም" አለ ዓለሜ።

በበዓሉ ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ የተረፈው ሰው ውጭ ድንኳን ሥር ተቀመጠ። ደሳለች ራሷ የምትሸጠውን ጥለቱ ሰፊ የሆነ ቀሚስ ለብሳለች። ሳምንቱን ሙሉ ማርና ዝንጅብል ስትጠጣ ነው የሰነበተችው። በር ላይ እትዬ ጸሐይ አቅፈው ሳሟት፤ ከአገልግሎት በፊትም በኋላም ሳይስሟት አይሄዱም። "ያን ድምፅሽን ልሰማ ነው የመጣሁት ልጄ" አሏት። ደሳለች እሳቸው ሲሰሙ የከረሙት የሚልካን ድምፅ እንደሆነ አሁን ታውቃለች፤ ቢሆንም "አሜን" አለች።

ተራዋ ደረሰ። ቶለሳ ዱላውን ሦስቴ አጋጨ፤ ጨርቁን አንስቶታል። ደሳለች ጀመረች።

የመጀመሪያው ስንኝ ደህና ነበር። ከዚያ ከኋለኛው ግድግዳ አንድ ድምፅ ወደ እሷ ተመለሰ፤ ቀጭን፣ ዝገት የበዛበት፣ የማታውቃት ባልቴት ድምፅ። የማን ነው ብላ አሰበች። የራሷ ነበር። ወደ ከፍተኛው ቦታ ስትወጣ ጉሮሮዋ እምቢ አለ፤ ድምፁ ተሰበረና ለቅጽበት ጭራሽ ጠፋ። ማይኩ ጎበዝ ነው። የቶለሳን ድራም አንድ ምት እንኳ አላስገባም፤ የሚከልላት ምንም ነገር አልነበረም። ትንፋሿ፣ ምራቋን ስትውጥ፣ ሁሉም ተሰማ። የካሜራው ቀይ መብራት ፊቷ ላይ በርቷል።

የፊተኛው አግዳሚ ላይ ያሉት አቀረቀሩ። ጋሽ የሺጥላ ቀስ ብለው ወደ ሚክሰሩ ዞሩ።

ደሳለችም አየችው። በመዘምራኑ ዘንድ መዳፍን ወደ ላይ ማንሳት ከፍ አድርገኝ ነው፤ ወደ መሬት መጫን ዝቅ አድርገኝ። መዳፏን ወደ መሬት ተጫነች። ዓለሜ እያያት ነው። ደግማ ተጫነች፣ አሁን አጥብቃ፣ ዓይኗ እየለመነው። እሱ ሁለት እጆቹን ከሚክሰሩ ላይ አነሳና ደረቱ ላይ አጣጥፎ ተቀመጠ።

ቃሉን መጠበቁ ይሁን ቂም ይዞባት፣ ከዚያ ርቀት ለማወቅ አልቻለችም። ሙዚቃው አልቆመም፣ እሷም ማቆም አልቻለችም። ሁለተኛውን ስንኝ ጀመረች፤ ያው ቦታ ላይ ያው ሆነ።

በዚህ ጊዜ እትዬ ጸሐይ ከአግዳሚያቸው ተነሱ። እጃቸውን ዘርግተው መዝሙሩን በድምፅዋ ላይ ደርበው በሙሉ ጉልበታቸው ያዙት። አጠገባቸው ያሉት ተቀበሏቸው። ጋሽ የሺጥላ ሕዝቡን በእጃቸው አስነሱት። ሚልካም ገባች። አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር እያጨበጨበ፣ እያለቀሰ አንዳንዱም፣ መዝሙሯን ከአፏ ተረከባት፤ የካሜራው ባለሙያም ካሜራውን ከእሷ ላይ አዙሮ ሕዝቡን መቅረጽ ያዘ። ደሳለች እስከ መጨረሻው ዘመረች። ማይኩ ክፍት ነበር፣ ቆርቆሮው እስኪነቃነቅ ከሚዘምረው ሰው መሃል ግን ራሷም ራሷን አልሰማችም። ቪዲዮው ላይም የሚገኘው ይኸው ነው፤ በበዓሉ ከተዘመሩት ሁሉ እጅግ የሞቀው ተባለ።

ሲወጡ ብዙ ሰው "ተባረክን" አላት። እትዬ ጸሐይ እንደ ልማዳቸው አቅፈው ሳሟትና ትንሽ አሰቡ። "ቀሚስሽ እንዴት ያምራል ልጄ" አሏት።

ከዊንጌት ታክሲ ለመያዝ ሰልፍ ቆሙ። ዓለሜ የኬብል ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንግቷል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

"ምልክት ሰጥቼህ ነበር" አለች።

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልዘጋኸውም?"

"ምንም ቢሆን እንዳትዘጋው አልሽኝ።"

"ደስ ብሎህ ነው?"

ዓለሜ ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። "ሁለቴ እጄን ሰድጄ ነበር" አለ። "አሁንም ብዘጋው ደግመሽ አታምኚኝም ብዬ ነው። በቃ፣ አላውቅም ደሱ። እኔም ደክሞኛል።"

ሰልፉ ፈቀቅ አለ። ከፊታቸው ያሉት የዛሬውን አምልኮ እያነሱ ያመሰግናሉ፤ አንዷ ሴትዮ መዝሙሯን ታንጎራጉራለች፣ ሚልካ በምትዘምርበት አዘማመር። ደሳለች እስክትጨርስ አዳመጠቻት። ጥሩ አድርጋ ይዛዋለች።

"ለሚቀጥለው እሁድ ምን ይሻላል?" አለ ዓለሜ ቀስ ብሎ። "ቦታውን ለሚልካ እንስጣት? ወይስ ከጋሽ የሺጥላ ጋር እንነጋገር?"

"አይሆንም። እቆማለሁ።"

"እሺ። ማይኩንስ?"

ታክሲው መጥቶ ቆመ፤ ረዳቱ "ቀጨኔ፣ ቀጨኔ" ይላል። ደሳለች ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ አንድ እግሯን አስገባች፤ ወደ ባሏ ግን አልዞረችም።

"እንደ ድሮው ዝጋው" አለችው። "ኤኮውንም መልሰው። እኔ ግን አላወቅኩም፤ ሰምተሃል? ስጠይቅህ፣ ድራሙ ነው ትለኛለህ።"